የኮምፔንሳቶ ጋቢ

እኔ ውሸት አልናገርም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላው ሰው ዋሽቶ ይረሳል፤ እኔ ግን የዋሸሁበትን ቀን ከነሰዓቱ እያስታወስኩ ንስሐ አባቴን ስለማሰለች ገና ድሮ ትቼዋለሁ። በቅርቡ ግን አንዲት ግሥ አዳለጠችኝ። "ይሆናል" ማለት ሲገባኝ "ነው" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቴ። ከዚያች "ነው" በኋላ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

አገሬ ጎጃም ነው፤ ከሞጣ ወዲያ፣ ከአውቶቡስ ወርደውም ገና ብዙ በእግር የሚኬድበት። አዲስ አበባ ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የምኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በተከራየሁት ክፍል ነው። "ክፍል" ስል አንድ ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ከሰባ፣ ርዝመቱ አምስት። የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከመከራየቴ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከተከራየሁ በኋላ ደግሞ አከራዬ እንዳትቀንስብኝ አንድ ጊዜ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅስናም አላቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛው ዳዊታቸውን ማስነበብ እምቢ አላቸው። ዳዊቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ገጹን ሳይገልጡ መድገም ለእሳቸው ጫማ ሳያወልቁ መግባት ማለት ነው። እዚህ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አግኝቼላቸው ደወልኩ።

"ልጄ፣ ቤትሽ ስንት ክፍል ነው?" አሉኝ።

"ለምን አባ?"

"እኔ ስጸልይ ድምፄ ይወጣል። በስተርጅና ሰው ከእንቅልፉ አላስነሣም። አንድ ክፍል ከሆነ ይቅርብኝ፤ ዓይኔም ብትሆን የተወሰነላትን አይታለች።"

"ሁለት ክፍል ነው አባ!"

አያችሁ? እንዲህ ነው የሆነው። ስልኩን ዘጋሁ። ብናዘዝ አባቴ አይመጡም፤ ባልናዘዝ አባቴን ዋሽቻለሁ። ተቀምጬ ሳሰላስል ግን አንድ መንገድ ታየኝ። ውሸትን እውነት የሚያደርግ ንስሐ የለም፤ አናጺ ግን አለ።

ጋሽ ሙዘሚል ይባላሉ። ድሮ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ካዛንቺስ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቄራ ሄደዋል። መጥተው ክፍሌን መሐል ለመሐል ለኩና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

"ሦስት ኮምፔንሳቶ። ሁለቱ ግድግዳ፣ አንዱ በር። በሁለት ቀን አቆምልሻለሁ።"

ኮምፔንሳቶን የማያውቅ መቼም የለም፤ ስስ ስስ እንጨት ተነባብሮ በኮላ የተጣበቀው ሰሌዳ ነው። ይህ ከተማ ከውጭ ሲያዩት የሲሚንቶ ይመስላል እንጂ፣ ውስጥ ውስጡን ተከራይን ከተከራይ ለይቶ ያቆመው ኮምፔንሳቶ ነው።

"ዛሬውኑ ልግዛልሽ?" አሉ ጋሽ ሙዘሚል።

"ትንሽ ላስብበት።"

እኔን ያሳደገችኝ እናቴ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እያለች ነው። ስለዚህ አሰብኩበት። ጸለይኩበትም። በማግሥቱ ቄራ ስደርስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ።

"እንዴ ጋሽ ሙዘሚል! በአንድ ቀን?"

"አንቺ አሰብሽበት እህቴ፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀሽም።"

ደንግጬ እንደገና ላስብበት ሄድኩ። እኔ ባሰብኩ ቁጥር እሱ ይወጣል። እሱ በወጣ ቁጥር እኔ የበለጠ ማሰብ ይኖርብኛል። በሦስተኛው ሳምንት ቆረጥኩና "ይግዙልኝ!" ብዬ ስገባ፣ ጋሽ ሙዘሚል ባዶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የበርጩማ እግር ይጠግናሉ።

"ጠፋ" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ኮምፔንሳቶ። ከነዘሩ ጠፋ። ያንን አትመለከቺም?"

ተመለከትኩ። ሦስት ቁም ሳጥኖች ጀርባ ሳይኖራቸው ቆመዋል። ከፊት ብታዩአቸው ያማሩ፣ ከኋላ ብታዩአቸው ማዶውን የሚያሳዩ። አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ደርሶባት የራሷን እንደዚያው ወስዳዋለች አሉ፤ "ግድግዳ አስጠግተሽ አቁሚው፣ ማንም አያይብሽም" ብለዋት። የቸኮለ አፍሶ መልቀሙ እውነት ነው፤ ያልቸኮለ ግን የሚያፈሰውም አያገኝ።

ከዚያ በኋላ ቄራን ከሱቅ ሱቅ ዞርኩት። አንዱ ነጋዴ አንዲት ኮምፔንሳቶ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ይሄስ?" አልኩት።

"ይሄ ናሙና ነው።"

"የምን ናሙና?"

"ሲመጣ ይሄን ይመስላል ለማለት ነዋ።"

መቼ እንደሚመጣ ስጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ወደብ ላይ ተይዟል፣ ዶላር ነው ችግሩ። ጋሽ ሙዘሚል "ሰኞ ይገባል ኢንሻአላህ" ይላሉ፤ እኔ "እግዚአብሔር ከፈቀደ" እላለሁ። በሁለታችንም በኩል ፈቃዱ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ያጣነው ጭነቱን ነው።

በመጨረሻ ለቅዱስ ቂርቆስ ጧፍ ተሳልኩ። ሰው ለልጅ ይሳላል፣ ለጤና ይሳላል፤ እኔ ለእንጨት ተሳልኩ። እንዲያውም ስህተት እንዳይፈጠር "ውፍረቱ ዐሥራ ስምንት ሚሊ" ብዬ ልኩን ጨምሬ ተናግሬያለሁ።

አባቴ የሚደውሉልኝ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ቅጥሩ ጥግ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ይቆማሉ፤ ስልኩም የሰው ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚይዝላቸው። እኔና አባቴ ስንነጋገር ግማሹ ምእመን ሳይወድ ይሰማል። የአባቴ ጆሮ ደህና ነው። ደንቆሮው ኔትወርኩ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ከስቷል።"

"ኮምፔንሳቶ ነው አባ።"

"ማን?"

"ኮምፔንሳቶ! እሱ ነው ያስጨነቀኝ።"

"ያገራችን ነው?"

"ኧረ የውጭ ነው። ያገር ውስጡማ አይበረክትም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ጠፋብኝ! ወር ሊሞላው ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ተይዟል ይላሉ።"

"ምን አድርጎ?"

"በዶላር ምክንያት ነው።"

"እግዚኦ!" አሉ አባቴ። ከኋላቸውም ሌሎች ሰዎች "እግዚኦ" ሲሉ ሰማሁ። ያገሬ ሰው ለአናጺዎች ይህን ያህል ማዘኑ ልቤን ነካው።

"ወፍራሙን ነበር የፈለግኩት አባ፤ አሁንማ ቀጭኑም ቢገኝ ምንም አልል። እሱ ካልቆመ እኮ ቤቴ ቤት አይሆንም።"

"ሌላ አይገኝም?"

"ሌላ ከየት ይመጣል? ሁሉም እሱን ነው የሚፈልገው። ተወደደ አባ፣ በጣም ተወደደ!"

እዚህ ላይ የቋንቋችንንም ጥፋት መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ዋጋው የናረም ነገር፣ ልብ የከጀለውም ሰው እኩል "ተወደደ" ነው የሚባለው። አባቴ ደግሞ የቅኔ ሰው ናቸው፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲኖረው ጠለቅ ያለውን መውሰድ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው። እኔ የተናገርኩት ሰሙን ብቻ ነበር። እሳቸው ወርቁን ይዘው ሄዱ።

መስመሩ ሊቋረጥ ሲል "የክርስትና..." የሚል ነገር ሰማሁና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ" ብዬ ዘጋሁ። ለካ የጠየቁኝ የክርስትና ስሙን ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ ደወለች። እናቴ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ "ማን ሞተ?" አልኳት።

"ደህና ነን፣ ደህና ነን። ቁመቱ ስንት ነው?"

"የማን?"

"የኮምፔንሳቶ።"

እናቴ አዲሱ ግድግዳዬ የሚለብሰው ነገር ልታሠራልኝ አስባ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ሜትር ከአርባ አራት ነው ብላት ግራ እንደሚገባት ስለማውቅ፣ እኔ ጥንቁቋ፣ በራሴ ክንድ ለክቼ ነገርኳት። "አምስት ክንድ።"

"አምስት ክንድ! እመብርሃን! ወርዱስ?"

"ሁለት ክንድ ተኩል።"

ስትቆጥር ይሁን ስታማትብ እንጃ፣ ጥቂት ዘገየች። "ይጾማል?" አለችኝ። በኋላ ነው "ይጾማል" ማለቷን ያወቅኩት፤ ያን ጊዜ የሰማሁት "ይጣመማል?" የሚል ነው። እንጨት ሲገዙ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም።

"ቀጭኑ ይጣመማል፤ ወፍራሙ ግን አይጣመምም" አልኳት።

እሷ የሰማችው "ቀጭኑ ይጾማል፤ ወፍራሙ ግን አይጾምም" የሚል ነው። መቼም ወፍራም ሰው አይጾምም ብሎ ማንም ይጠረጥራል።

"ታዲያ ቀጭኑ አይሻልም?"

"ቀጭኑማ ድምፅ ያሳልፋል እማዬ፤ እዚህ ያወሩት እዚያ ይሰማል።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ወሬኛማ አይሆንም" አለችና ተሰናበተችኝ።

የአባቴ መምጫ ሲቃረብ ጋሽ ሙዘሚል ደወሉልኝ። አንድ ወፍራም አዲስ ኮምፔንሳቶ ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ለምነው አግኝተዋል። ሁለተኛም አለ፤ እሱን ግን "መጥተሽ እይው" አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ካዛንቺስ የነበረ የአንድ ግሮሰሪ ማስታወቂያ ነው። ከላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል "እንኳን ደህና መጡ" ይላል፤ ከታች የሰው ደረት የሚያህል የድራፍት ብርጭቆ ተሥሎበታል፤ አረፋው ይፈስሳል።

"ጋሽ ሙዘሚል! አባቴ ካህን ናቸው እኮ!"

"እኔስ መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ? እንጨቱ ግን ሰካራም አይደለም። ይኸው ስንት ክረምት ደጅ ቆሞ ቀጥ ብሏል። ከብዙ ደንበኞቹ ይሻላል።"

"ይፋቅልኝ እንግዲያው።"

"ከፋቅኩት ንብርብሩ አብሮ ይነሣል። ወይ ከነብርጭቆው፣ ወይ ምንም።"

ብርጭቆው ወዴት ይዙር የሚለው ሁለት ቀን አሳሰበኝ። ወደ እኔ በኩል ካዞርኩት ሥዕለ አድኅኖዎቼ ከድራፍት ጋር ሊፋጠጡ ነው። ወደ አባቴ በኩል ካዞርኩት... አባቴ መቼም አያዩትም ብዬ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን ሳስበው ደግሞ ደነገጥኩና አማተብኩ። ሆኖም ወደ አባቴ በኩል ዞረ።

ሦስተኛው፣ በር የሚሆነው፣ አልተገኘም። እሱን እየጠበቅን ሳለ አባቴ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድመው መጡ። አውቶቡስ ተራ ስደርስ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ሕፃን የሚያህል ጥቅል ታቅፈው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል ጠየቁኝ።

"ተገኘ?"

"ሁለቱ ተገኙ አባ። ሦስተኛው ገና ነው።"

"ሦስት ናቸው?"

"ሦስት ነበር የሚያስፈልገኝ።"

አባቴ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው የእጅ መስቀላቸውን ጨበጡ። ጥያቄውን የቀጠሉት ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

"የተገኙት እንዴት ያሉ ናቸው?"

"አንዱ ወፍራም ነው፤ አዲስ። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ካዛንቺስ ግሮሰሪ በር ላይ ቆሞ ነው የኖረው። ግን ምንም አልሆነም አባ፣ ጠንካራ ነው።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሬዲዮውን ቀነሰ።

"አሁን የት ናቸው?"

"ቤት ናቸው። ጋሽ ሙዘሚል እያቆሟቸው ነው።"

"ሁለቱንም? በአንድ ቤት?"

"አንዱ ብቻውን ምን ያደርግልኛል አባ?"

ሹፌሩ ሬዲዮውን ጨርሶ ዘጋው። ስንወርድ ደግሞ "አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብሏቸዋል። ያን ጊዜ ለዓይናቸው መስሎኝ ነበር።

በሬ ላይ ስንደርስ አባቴ ቆሙ። መቋሚያቸውን ተክለው ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ።

"አልገባም። አስቀድመሽ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ኮምፔንሳቶ የምትይው ሰውዬ ሊያገባሽ ነው ወይስ ሊያጠፋሽ?"

መልስ የሰጡት ከውስጥ ጋሽ ሙዘሚል ናቸው፤ መዶሻቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

"ኮምፔንሳቶን ነው የሚሉት አባቴ? ይኸው፣ ይግቡና ይንኩት። ገላው እንደ ሐር ነው!"

አባቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ ፊት ዳሰሱ። ኳ፣ ኳ አለ።

"እንጨት ነው" አሉ።

"እንጨት ነው አባ።"

"የጠፋው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ጅቡቲ የታሰረው?"

"እሱ።"

"ተወደደ ያልሽኝስ?"

"ዋጋው ነው አባ! ዋጋው!"

አባቴ ቀስ ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ተንበረከክኩ። ለካ ይስቃሉ። አባቴ ሲስቁ ያየሁት በልጅነቴ አንድ ጊዜ፣ ተማሪያቸው ቅኔ ሲሳሳት ነው።

"ሦስት እሑድ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ሦስት እሑድ ሙሉ ሕዝቡን አቁሜ አስጸልያለሁ። የክርስትና ስሙን አልነገርሽኝም፤ 'አንተ ታውቀዋለህ፣ ባሪያህን ኮምፔንሳቶን ከእስራቱ ፍታው' እያልን። ቁመቱን እናትሽ ስትነግረኝማ ጎልያድ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበር፣ ይሄ በጥቂት ነው የሚያንሰው ብዬ እኔው ራሴ ፈራሁ።"

ጋሽ ሙዘሚል መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ቆይ፣ ቆይ አባቴ። ጭነቱ ከወደብ ተለቀቀ ያሉን እኮ ባለፈው ሳምንት ነው!"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ማለቴ አንዱ አየ፣ አንዱ ሰማ።

"እንግዲህ የለመናችሁት ለመላው አናጺ ነው" አሉ ጋሽ ሙዘሚል። "አላህ ይስጥልን። ካላስቸገርኩ በሚመጣው እሑድ ኮላንም ጨምሩልን።"

አባቴ ጥቅሉን ወደ እኔ ገፉት። "እናትሽ ናት። ለአማቿ ባዶ እጅህን አትሄድም አለችኝ። ሸማኔው 'ለሰው ነው ለድንኳን?' ብሎ ጠይቋታል።"

ስፈታው ጋቢ ነው። ዘረጋሁት፤ አላልቅ አለኝ። ጋሽ ሙዘሚል ሜትራቸውን አወጡና ለኩት፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ አራት፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት። አንድም ጣት አልጎደለም፣ አንድም ጣት አልተረፈም። ከዚያ በሩ ሊገባበት ክፍት ወደቀረው ቦታ ወሰዱትና ከላይ ቸነከሩት። ከመቃን እስከ መቃን፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ልክ ሆነ። ጠፍቶ የነበረው ሦስተኛው ኮምፔንሳቶ ከሞጣ ወዲያ ተፈትሎ መጣ።

"ሁለት ክፍል ነው አላልሽኝም ነበር?" አሉ አባቴ ድንገት።

የሸሸሁት ቀን ደረሰ። "አባ፣ ያን ቀን አንድ ነበር። ዋሽቻለሁ። እውነቱን ብነግርዎት አይመጡም ብዬ ነው።"

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ጋቢውን ዳሰሱት። "ቅድስቱንና መቅደሱን የሚለየው ምንድን ነው?"

"መጋረጃ ነው አባ።"

"እንግዲያው ሁለት ክፍል ነው። ግን 'ነው' ባልሽ ቀን አልነበረምና አርባ ትሰግጃለሽ። እኔም ሳላጣራ እንጨትን ከጎልያድ ጋር አወዳድሬያለሁና አብሬሽ እሰግዳለሁ።"

ጋሽ ሙዘሚል ከሄዱ በኋላ አባቴ አዲሱን ክፍላቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩ። ቀይ ፊደሎቹ ዘንድ ሲደርሱ አፍንጫቸው እንጨቱን እስኪነካ ተጠጉ። "እን-ኳን ደህ-ና መጡ" ብለው አነበቡ። ደስ አላቸው። "ይህን ለእኔ ነው ያስጻፍሽው? ከታች ያለውስ ምንድን ነው፤ ጽዋ ነው?"

"ጽዋ ነው አባ" አልኩ። ዋሸሁ እንዳትሉኝ። ጽዋ ነው። በውስጡ ያለውን አልጠየቁኝም።

ሕክምናው በሰላም አለፈ። ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ሙዘሚል ደወሉ፤ ሦስተኛው ኮምፔንሳቶ ቄራ ገብቷል፣ ዛሬውኑ ካልተወሰደ አይገኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስብበት አላልኩም። "ጀርባ ለሌላቸው ቁም ሳጥኖች ይሁንልዎ፤ የእኔ ቦታ ተይዟል" አልኳቸው። ጧፉንም ለቂርቆስ አስገባሁ፤ ሦስት፣ ለጋቢውም ጭምር።

ሐኪሙ ጨርቁን የፈታላቸው ዕለት ቤት ስንገባ አባቴ ዳዊታቸውን ይዘው ከጋቢው ማዶ ገቡ። እኔ ከወዲህ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ። ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ምንም ድምፅ የለም። ቢላውን አስቀመጥኩ።

"ልጄ" አሉ ከማዶ።

"አቤት አባ።"

"ይሄ ጽዋሽ አረፋ አለው።"

እንደዚያ ቀን ስያዝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። "አረፋው ይታይዎታል?" ብዬ ጮህኩ።

"እስከ ጠብታው። ሌላ አርባ ጨምሪ።"

የአምስት ክንዱን ጋቢ ገለጥኩና እየሳቅኩ ገብቼ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። አንድ ብዬ መቁጠር የጀመርኩት እዚያው ነው።